ራሱ የሚበራው አምፖል

ይሄን የምጽፍላችሁ ሰው ነግሮኝ አይደለም። እኔው ቤት፣ እኔው ፊት የሆነ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ...

ቤታችን ፎቅ ላይ ነው፤ ሳሎኑ የእኔ የስፌት ቦታ፣ መኝታ ቤቱ ደግሞ የአባዬ። በመሃል ጠባብ ኮሪደር አለ።

አባዬ ከታመመ ወዲህ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። አንስቼ የማስቀምጠው፣ የማገላብጠው እኔ ነኝ።

መብራት ደግሞ ማታ ማታ ይጠፋል።

መጀመሪያ ሻማ ነበር የምናበራው። አንድ ቀን ብርድ ልብሱን አያያዘውና ለጥቂት ተረፍን። ሁለተኛ ሻማ ቤቴ አይገባም ብዬ ማልኩ። በስልክ እንዳልጠቀም የእኔ ስልክ ሳይመሽ ነው የሚሞተው።

ስለዚህ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጩ ጋ ሄድኩ።

"የእጅ ባትሪ አለ፣ በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስም አለ" አለኝ። "ለታማሚ ከሆነ ግን ይሄን ውሰጂ።"

ነጭ አምፖል አወጣ።

"እንደ ማንኛውም አምፖል ታስሪዋለሽ። መብራት ሲኖር ቻርጅ ያደርጋል፣ ሲጠፋ ራሱ ይበራል። አባትሽ ጨለማ ውስጥ አይቀሩም።"

ከዚያ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የአምፖሉን ቂጥ ነካ። እጁ ላይ ቦግ አለ።

"ከተፈታ ግን ሰው ካልነካው አይበራም" ብሎ ሳቀ።

አምፖሉንም፣ ለኮሪደሩ አንድ የእጅ ባትሪም ገዛሁ። አምፖሉን አባዬ ክፍል አስሬው ቀኑን ሙሉ ሲሞላ ዋለ።

ያን ምሽት፣ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል፣ እየሰፋሁ መብራት ጠፋ። የስፌት መኪናዬ ቆመ። ቀና ስል የአባዬ ክፍል በርቷል።

ተመስገን አልኩ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

"ነይ እስቲ..."

አባዬ ነው። ሲጣራ ቤቱን የሚያናውጠው ሰውዬ በሹክሹክታ ነው የጠራኝ።

ገባሁ። ዓይኑ ከቁም ሳጥኑ ጎን ካለው ጥግ አይነቀልም።

"ምን ሆንክ?"

"አጥፊው።"

"ጨለማ ይሻልሃል?"

"በጨለማ እኮ አያየኝም ነበር።"

"ማን?"

ዘወር ብዬ ጥጉን አየሁ።

ጥጉ ላይ ከወንበሩ በቀር ምንም የለም። ጠዋት ያጣጠፍኩትን ልብስ ወንበሩ ላይ ነበር የተውኩት። አሁን መሬት ላይ ነው፤ እንደተጣጠፈ፣ ሳይዛነፍ።

ወድቆ ቢሆን ይበተን ነበር።

ለታማሚ እሺ ማለት ነው ብዬ ወንበሩን ሳብኩ፤ አምፖሉን ልፈታ። ወንበሩ ላይ ስወጣ እግሬ ባዶ ነበር።

መቀመጫው ይሞቃል።

ፈታሁት። ጨለመ። አምፖሉን በዳበሳ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት።

"ባትሪ ላምጣ አባዬ።"

"አትሂጂ።"

"አሁን እመጣለሁ።"

ኮሪደር ውስጥ ገብቼ ባትሪውን ስዳብስ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ እንደሚዘጉት።

ባትሪውን አግኝቼ ስመለስ... በበሩ ስር ብርሃን አለ።

ገፋሁት። ያ በር ቁልፍ የለውም። ግን አልተከፈተም።

"አባዬ፣ አምፖሉን አንተ ነህ የያዝከው?"

"አይደለሁም" አለ በቀጭን ድምፅ። "አትግቢ። እንዳያይሽ።"

ብርሃኑ ተንቀሳቀሰ። ከቁም ሳጥኑ ወደ አልጋው... ከአልጋው ወደ መስኮቱ...

ታክሲ ሹፌር የሆነውን ጎረቤታችንን የቤቱን በር ደብድቤ ጠራሁት። መጥቶ በትከሻው ገፋ። ሰውዬው የወፍጮ ድንጋይ ነው የሚያክለው፤ በሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ጎንበስ ብሎ በስሩ አየ።

"አባትሽ መቆም ጀመሩ እንዴ?" አለኝ።

"አልጀመረም።"

ቀና ብሎ ከበሩ ራቀ።

"ሰው... ሰው ልጥራ" ብሎ ደረጃውን ወረደ። ያን ማታ አልተመለሰም። አልፈረድኩበትም።

ብቻዬን ቀረሁ። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ አለሁ ለማለት ያህል፣ ጣቶቼን በበሩ ስር አሾለክኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ብርሃኑ መጥቶ ጣቶቼ አጠገብ ቆመ።

አባዬ አለቀሰ። ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

መብራት መጣ። በሩ ያለ ማንም ተከፈተ።

አባዬ በጀርባው ተኝቷል። ብርድ ልብሱ ዙሪያውን፣ እስከ አገጩ፣ ተወትፏል። እኔ እንደዚያ አላለብሰውም። ወንበሩ ጥጉ ላይ፣ ልብሱም ወንበሩ ላይ ነው።

አምፖሉ ጣራው ላይ ታስሯል።

በማግስቱ ወስጄ መለስኩት።

"አይሠራም እንዴ?" አለ ሻጩ።

"ይሠራል።"

ሌላ ሊያሳየኝ ሲል ወጣሁ። ቤት ልቀይርም ዞርኩ፤ ያገኘሁት ሁሉ ሊፍት የሌለው ፎቅ ነው፤ የማይራመድ ሰው ይዤ የት እደርሳለሁ? አሁን መብራት ሲጠፋ ምንም አናበራም። አልጋው ላይ አጠገቡ ጋደም ብዬ እጁን እይዛለሁ፤ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ስለዚያ ማታ ስጠይቀው ፊቱን ያዞራል።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ አለቃውን እንኳ "አንተ" እያለ የኖረ ሰው ነው።

ትናንት ጨለማ ውስጥ እንደተያያዝን፣ ድንገት ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጠጋ ይበሉ" አለ። በትህትና።

እኔን አልነበረም።

አልጋው በአባዬ በኩል ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ነው፤ ጣት አያስገባም...

በዚያ በኩል ፍራሹ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።