ማሽኑ የሚጠይቀው ቀን

ቅዳሜ ኅዳር 11 ቀን 1980 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በኮምፒዩተሩ ዲስክ ውስጥ የእርዳታ ስንዴ የሚቀበሉ የ1,151 አባወራዎች ስም ነበር። ኮከቤ በያዘቻቸው ሦስት ወረቀቶች ላይ ደግሞ ገና ያልተጻፉ 63 ስሞች ነበሩ። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ጄኔሬተሩ ተነሥቷል። ለዕለቱ የተፈቀደለት ናፍጣ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ያሠራዋል።

ኮከቤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። እዚህ ክፍል ውስጥ መገኘት አልነበረባትም፤ በሩ ላይ «ከሠራተኛ በቀር መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያስገባቻት አክስቷ አማከለች ናት። አማከለች በዓለም ከተማ የእርዳታ እህል ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበረች። ኮምፒዩተሩ ሲመጣ አዲስ አበባ ተልካ ሦስት ሳምንት ሠለጠነች። ማሽኑን ማሠራት ታውቃለች፤ ከማሽኑ ጋር የመጡትን የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ማንበብ ግን ያደክማታል። ኮከቤ ደግሞ በእንግሊዝኛ ከክፍሏ አንደኛ ናት።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ነጭ ሳጥን ነው። ማሽኑን የተከለው የውጭ አገር ባለሙያ ሲሄድ እያንዳንዳቸው አንድ ፕሮግራም ያለባቸው አሥራ አራት ዲስኮች የያዘ ሳጥን ትቶ ነበር። ክዳኑ ላይ «እነዚህ ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፤ ገልብጣችሁ ለሌላ ስጡ» ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፎበታል።

«ነፃ?» አለች አማከለች ኮከቤ ስታነብላት። «ፈረንጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በነፃ የሚሰጠው?»

«እትዬ፣ እኛ የምናድለው ስንዴስ?»

«አፍሽን ያዢ!» አለቻት አማከለች፤ ግን ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

አሥራ አራቱንም መጠቀም አይቻልም። በሥራው ዲስክ ላይ የቀረው ክፍት ቦታ 61 ሺህ ባይት ብቻ ነበር፤ አንድ ባይት የአንድ ፊደል ቦታ ነው። ስለዚህ መምረጥ ግድ ሆነ። ኮከቤ ደብተሯ ላይ በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠራች፦ የፕሮግራሙ ስም፣ የሚይዘው ቦታ፣ የሚፈጀው ሰኮንድ፣ የሚሰጠው ጥቅም። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ጊዜውን በአክስቷ የእጅ ሰዓት ለካች። ሁለት ቅዳሜ ከፈጀባት በኋላ ሦስቱን አሳለፈች። አንዱ የት እንደተቀመጠ ያልታወቀ ፋይል ይፈልጋል። አንዱ በስሕተት የተሰረዘውን ይመልሳል። አንደኛ ያወጣችው ግን የሥራውን ዲስክና የዝርዝሩ ቅጂ የሚቀመጥበትን የመጠባበቂያ ዲስክ የሚያስተያየውን ነበር። ከሁለቱ አዲሱን ፋይል ይይዝና በአሮጌው ላይ ይገለብጠዋል። ዝርዝሩ በየገበሬ ማኅበሩ ተከፍሎ በ19 ፋይሎች የተቀመጠ ስለሆነ አማከለች አንድ በአንድ እያየች ስትገለብጥ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅባታል። ፕሮግራሙ በአርባ ሰኮንድ ይጨርሰዋል።

«እኔ በዓይኔ እያየሁ ብገለብጥ ይሻለኛል» ብላ ነበር አማከለች።

«አሥር ደቂቃ እኮ ነው የምታተርፊው እትዬ! በየቀኑ!»

«እሺ፣ እሺ። አንቺ ካልሽ ይሁን።»

እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ማሽኑን ሁልጊዜ የምታስነሣው አማከለች ነበረች። የዚያን ዕለት ግን ስንዴ የጫነ መኪና ደረሰና ወደ መጋዘኑ ጠሯት። «አንቺው አስነሺና ጀምሪ» ብላት ወጣች።

ኮከቤ ማብሪያውን ጫነች። ማሽኑ ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ የዕለቱን ቀን ጠየቃት። ከጥያቄው በላይ ራሱ የያዘውን ቀን አሳየ፤ 1-01-1980 ይላል። ዓመቱ ትክክል ነው። ኮከቤ ፈገግ አለች፤ ለካስ የፈረንጅ ማሽን የእኛን ዘመን ያውቃል። ያልተስተካከሉት ወሩና ቀኑ ብቻ ነበሩ። ኅዳር ሦስተኛው ወር ስለሆነ 3-11-1980 ብላ ጻፈች። ማሽኑ ያለ ክርክር ተቀበላት።

63ቱ አባወራዎች የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው። በክረምት ምዝገባው ሲካሄድ ወንዙ ሞልቶ መዝጋቢው ሊሻገር ስላልቻለ ከማኅበራቸው ፋይል ቀርተው ነበር። ኮከቤ ስማቸውን በሁለት ሰዓት ተኩል ጽፋ ጨረሰች፤ ሁለት ጊዜም ከወረቀቱ ጋር አመሳከረች። ከስሞቹ አንዱ የጓደኛዋ የእታገኝ አባት ነበር፦ ቄስ ገብረ ክርስቶስ፣ የቤተሰብ ብዛት ሰባት። ማሽኑን ስታጠፋ ዝርዝሩ 1,214 ሆኖ ነበር።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት የክፍሉ ልጅ ሁሉ ሲወጣ እታገኝ ከዴስኳ አልተነሣችም። ከማዶ የመጣች ስለሆነች ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው፤ ስንቋ በየሳምንቱ ከቤት ይመጣላታል።

«ምሳ አትሄጂም?» አለቻት ኮከቤ።

«ጾም ነው።»

«የነቢያት ጾም የገባው እኮ ትናንት ነው። ደግሞ አንቺ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም የጀመርሽው መቼ ነው?»

«እመት ሠንጠረዥ! የእኔንም ሆድ በሰኮንድ ልትለኪው ነው?» እታገኝ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ መሐል ላይ ተወችው። «ስንቅ አልመጣም። ትናንት አባዬ ሁለት አህያ ነድተው ስንዴ ሊቀበሉ መጥተው ነበር። ስማቸው አልተጠራም።»

«እንዴት አይጠራም?»

«ከማዶ ሰው የተጠራ የለም፤ አንድም ሰው! አዳዮቹን ዝርዝሩን አምጡና አሳዩን አሏቸው። ቢያዩ የሉም። እስኪመሽ ቆመው ባዶ ጆንያ ጭነው ተመለሱ።»

ኮከቤ «ተጽፎ ነበር እኮ» ልትል አፏን ከፈተች። ቀጥሎ «በምን አወቅሽ?» መባሉ እንደማይቀር ሲገባት መልሳ ዘጋችው።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች እየሮጠች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። አማከለች ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ ሁልጊዜ ጣቷ ላይ የምታንጠለጥለው የማሽኑ ክፍል ቁልፍ የለም።

«ጓድ መርስዔ ኃዘን ወሰዱት» አለች። መርስዔ ኃዘን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናቸው። «ስድሳ ሦስት አባወራ ተፍቆ ተገኘ አሉ። ሰኞ ከአውራጃ መርማሪ ይመጣል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሻጥር ነው ይላሉ፣ ኮከቤ።»

ቃሉን ኮከቤም ታውቀዋለች። በአሻጥር ተጠርጥረው ከተወሰዱ ሰዎች መካከል እስካሁን ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ፣ በስም የምታውቃቸው ሰዎች አሉ።

«ያለፈው ሰኞ ምን ምን አደረግሽ? አንድ በአንድ ንገሪኝ» አለች ኮከቤ።

«ምን አደርጋለሁ! ማሽኑን አስነሣሁ፤ ያንን ፕሮግራምሽን አሠራሁ፤ ከዚያ ዝርዝሩን አተምኩ።»

«ስታስነሺው ቀኑን ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ፤ ከግድግዳው የፈረንጅ መቁጠሪያ አይቼ። ኖቬምበር 23፣ 1987።»

ኮከቤ ከጎኗ ቁጭ አለች። «የፈረንጅ?»

«ታዲያ የማንን ልጻፍ?»

«ሲነሣ እኮ ራሱ 1980 ይላል!»

«እሱማ ሁሌም ያንኑ ነው የሚለው፤ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። አሠልጣኛችን ‹አትመኑት፣ አርሙት› ብሎናል።» አማከለች ንግግሯን አቆመችና ቀስ ብላ ዞረች። «አንቺ ቅዳሜ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ኮከቤ ደብተሯን አውጥታ ሠንጠረዡን ገለጠች። አሥራ አራት ፕሮግራሞች፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ፣ አርባ ሁለት ሙከራዎች። መሞከሪያ ፋይሎቹን ሁሉ የሠራቻቸው በአንድ ጠዋት፣ አክስቷ ባስገባችው አንድ ቀን ነበር። ፕሮግራሙ የትኛውን አዲስ እንደሚል በምን እንደሚለይ አልጠየቀችም። ቦታ ለካች፣ ሰኮንድ ለካች፤ «ቀን» የሚል ዐምድ ግን በሠንጠረዡ ላይ የለም። ሰኞ ፕሮግራሙ ሁለቱን ዲስኮች ሲያስተያይ መጠባበቂያው ላይ ያለው የዓርቡ ፋይል 1987 ይላል፤ የእሷ የቅዳሜው 1980። በሰባት ዓመት አሮጌ ሆኖ አገኘው። አሮጌውን በአዲሱ እንዲተካ ታዟል፤ ተካው።

«ስሚኝ» አለች አማከለች ክንዷን ይዛ። «ማሽኑ በላው ብያቸዋለሁ። ማሽን አይታሰርም። አንቺ እዚያ ክፍል ውስጥ ገብተሽ አታውቂም።»

«እትዬ…»

«አታውቂም አልኩሽ።»

ዓርብ ጠዋት ደወል ሳይደወል ኮከቤ ደብተሯን ይዛ በጓድ መርስዔ ኃዘን ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። የተናገረችውን ሳያቋርጡ ሰሙና ቁልፉን ከመሳቢያቸው አወጡ።

«በወሬ አላምንም» አሉ። «አሳዪኝ።»

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ኮከቤ ማሽኑን አበራች። ቀኑን ሲጠይቃት መጀመሪያ 1979 ብላ ጻፈች፤ ማሽኑ አልቀበልም አለ። 1980 ብላ ስትጽፍ ተቀበለ። ነገሩ የደረሰው ከዚህ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ስሕተቷን ገና በበሩ ይመልሰው ነበር። ከዚያ በሁለት ባዶ ዲስኮች ላይ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ትንንሽ ፋይሎች ሠራች፤ አንዱን በአክስቷ ቀን፣ ሌላውን በራሷ። ፕሮግራሙን አሠራችው። የእሷ ፋይል ጠፋ። መርስዔ ኃዘን «ድገሚው» አሉ። ደገመችው። «አንዴ ደግሞ።» በሦስቱም ያው ሆነ።

ኃላፊው ወንበር ስበው ተቀመጡና ጢማቸውን አሻሹ።

«እንግዲህ እንዲህ እንጻፍ» አሉ። «በነፃ የመጣ የውጭ ፕሮግራም ዝርዝሩን አበላሸው። ሳጥኑን አሽገን ለአውራጃ እንልካለን። አክስትሽ ከጥርጣሬ ትወጣለች፤ አንቺ እዚህ አልነበርሽም፤ እኔም በሰላም አድራለሁ። ማን ይጎዳል?»

ኮከቤ ስክሪኑን አየች። በእርግጥ ማንም የሚጎዳ አይመስልም። ፕሮግራም አያለቅስም፤ የሠራውም ሰው እዚህ የለም።

«ማዶ ያሉትስ ሰዎች?» አለች።

«በሚቀጥለው ዙር።»

«መቼ ነው እሱ?»

«ፕሮግራም አበላሸው ከተባለ ዝርዝሩ በሙሉ አይታመንም። ሁሉም እንደገና ይመዘገባል። ጥር፣ ምናልባት የካቲት።»

«የጸሐፊ ስሕተት ነው ከተባለስ?»

መርስዔ ኃዘን አተኩረው አዩዋት። «ያኔ በእርማት ዝርዝር እጠይቃለሁ፤ ሁለት ሳምንት ግፋ ቢል ሦስት። ግን ስሕተቱ የሰው ይሆናል። የሰው ከሆነ ደግሞ ስም ይጻፋል ልጄ።»

በመስኮቱ በኩል የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። ኮከቤ ከደብተሯ መሐል አንድ ሉክ ቀደደችና ጻፈች፦ «ቅዳሜ ኅዳር 11 ቀን ማሽኑን ያስነሣሁትና ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ነው ያደረገው።»

«ማን አስገባሽ ቢባልስ?» አሉ መርስዔ ኃዘን።

ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ከኋላዋ ኮቴ ተሰማ። አማከለች በሩ ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋን በትክክል እንኳ አልለበሰችም። ከመቼ ጀምሮ እንደምትሰማ አይታወቅም።

«እኔ ነኝ ያስገባኋት» አለች። «እሱንም ጻፊው።»

ኮከቤ ጻፈችው። ከሥሩ ሙሉ ስሟን አስቀመጠችና ወረቀቱን ወደ ኃላፊው ገፋ አደረገች። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄደች። በዕረፍት ሰዓት ለእታገኝም ሁሉንም ነገረቻት። እታገኝ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ኋላ ዴስክ ተዛወረች፤ ለዘጠኝ ቀንም አላናገረቻትም።

ከአውራጃ የመጣው መርማሪ «አሻጥር» የሚለውን ሰርዞ «የጸሐፊ ስሕተት» ብሎ ጻፈ። አማከለች ከማሽኑ ክፍል ታግዳ ወደ ጽሕፈት መኪናዋ ተመለሰች። የእርማት ዝርዝሩም ወጣ። ረቡዕ ታኅሣሥ 6 ቀን፣ ከመጀመሪያው ቀጠሮ 21 ቀን ዘግይቶ፣ የማዶዎቹ ስም ተጠራ። ከ63ቱ አባወራዎች 57ቱ ስንዴያቸውን ተቀበሉ። ስድስቱ ቤታቸውን ዘግተው አገር ለቀው ነበር።