የከሰዓቷ ልጅ ኮድ

«ፈተናውን ተፈትኛለሁ።»

ወረቀቱ የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው። ከዴስኩ ሥር፣ ደብተር የሚቀመጥበት ክፍተት ውስጥ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ተሸጉጦ ነበር። ልጅቷ ማስመሪያዋን ስትፈልግ እጇ ነካው። የሒሳብ መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው እስኪያዞሩ ጠበቀችና ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ማንበቧን ቀጠለች።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ነው የሠራሁት። ግቢው ውስጥ የተለጠፈው ዝርዝር ላይ ግን ‹አልቀረበችም› ተብያለሁ። እኛ ስንገባ ቢሮው ተዘግቶ ነው የሚጠብቀን። አንቺ የጠዋት ስለሆንሽ ማንን መጠየቅ እንዳለብኝ ብታጣሪልኝ። ኮዴ mr7 ነው። ከዚህ ዴስክ የከሰዓት ባለቤት።»

«አልቀረበችም» የሚለውን ቃል በገዛ እጇ የጻፈችው እሷ ነበረቻ!

ይህችን ልጅ ክፍሉ በሙሉ «ቆጣሪ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደረጃ ሲወጡ ደረጃውን፣ መንገድ ሲሄዱ ምሰሶውን ስትቆጥር፣ «ይቺ ልጅ የመብራት ቆጣሪ ናት እንዴ!» አለ፤ በዚያው ቀረ። እሷም አልጠላችውም። እንዲያውም ትንሽ ትኮራበታለች።

ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ነው የሚያስተምረው። ጠዋት አንዱ ተማሪ የተቀመጠበት ዴስክ ላይ ከሰዓት ሌላው ይቀመጥበታል። ቆጣሪ የዴስኳን የከሰዓት ባለቤት አንድም ቀን በዓይኗ አይታት አታውቅም። ግን ታውቃታለች። ባለፈው ወር እርሳሷን ረስታ ሄዳ በማግስቱ ስትመጣ፣ እርሳሱ እዚያው ክፍተት ውስጥ፣ ጫፉ በደንብ ተቀርጾ ጠበቃት። ከእርሳሱ ጋር «ዶልዱሞ ነበር» የሚል ብጣሽ ወረቀት ነበር። ቆጣሪም በበኩሏ ላጲሷን ለሁለት ቆርጣ ግማሹን አስቀመጠችላት። ጓደኝነት ይባል አይባል እንጃ፤ ብቻ ደስ ይል ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሳምንት ነው። ለክረምቱ የሳይንስ ሥልጠና ከሁለቱም ፈረቃ መቶ አርባ ተማሪ ተፈተነ። ሥልጠናው ሦስት ሳምንት ነው፤ ሌላ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ እውነተኛ ቤተ ሙከራ ባለበት። የሚያልፉት ግን አሥር ብቻ ናቸው። አራሚዎቹ የማንን ወረቀት እንደሚያርሙ እንዳያውቁ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮድ ተሰጠ። ከዚያ የኮምፒውተር መምህሩ፣ ፈተናው ውስጥ ያልገባችውንና «እኔ ደም ሳይ ይዞረኛል፣ ሳይንስ ይቅርብኝ» ያለችውን ቆጣሪን ጠሩ።

«ስምና ኮድ አንድ ዝርዝር አለ። ኮድና ውጤት ሌላ ዝርዝር አለ። አንቺ ሁለቱን ታገናኚያለሽ። ያንቺ ዓይን ነገር አያመልጠውም» አሏት፣ ያውም በክፍሉ ሁሉ ፊት።

ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ይህ ኮድ ከዚያኛው ኮድ ጋር እኩል ከሆነ ውጤቱን አምጣ የሚል ቀመር ጻፈች። ሥራው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ኋላ ላይ አንድ ቦታ ተያዘ። አንድ ኮድ ለሁለት ስም ተሰጥቶ አገኘችው። ውጤቱም ሁለት ነው፤ ዘጠና ሦስትና ሰባ አንድ። ከሁለቱ ስሞች አንደኛው የፊሽካ ነበር።

ፊሽካ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የልብ ጓደኛዋ ናት። ስትስቅ ግቢው ሁሉ ዞሮ ያያል፤ ፊሽካ የተባለችውም በዚሁ ነው።

ቆጣሪ ዕውር አልነበረችም። አንደኛው ኮድ MR7፣ ሌላኛው mr7 ተብሎ መጻፉን አይታለች። ሌሎቹም ኮዶች በትልቅና በትንሽ ፊደል ተደበላልቀው ስለነበሩ የጻፈው ሰው ዝርክርክ ቢሆን ነው አለች። ለማንኛውም ብላ ሠንጠረዡን ራሱን ጠየቀችው፤ እነዚህ ሁለቱ እኩል ናቸው? «እውነት» ብሎ መለሰላት። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? ስለዚህ አራሚው አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ መዝግቦታል፣ መጀመሪያ ተሳስቶ ኋላ አርሞታል ብላ ደመደመች። የቱ ነው ትክክለኛው? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ለማሰብ አንድ ደቂቃም አልፈጀባትም። ዘጠና ሦስቱን አስቀርታ ሰባ አንዱን ሠረዘች። ፊሽካ ወደ ፈተናው ስትገባ ደግሞ በዓይኗ አይታታለች፤ ያቺን ሌላዋን አላየቻትም። ለፊሽካ ዘጠና ሦስት፣ ለሌላዋ «አልቀረበችም» ብላ ጻፈች።

«ሁሉንም አመሳከርሽ?» አሉ መምህሩ።

«አዎ፣ ቲቸር።»

አሁን የሒሳቡ ክፍለ ጊዜ አልገፋ አላት። የዕረፍት ደወል ገና ከመደወሉ ወደ ኮምፒውተር ክፍል በረረች። የክፍሉ ኃላፊ እትዬ ቁልፍ ናቸው። ወገባቸው ላይ የሚንጠለጠለው የቁልፍ እሽግ ከእሳቸው ቀድሞ ነው የሚሰማው።

«እትዬ፣ ‹እኩል ይሆናል› የሚለው ምልክት ይዋሻል እንዴ?»

«ምን በወጣው ይዋሻል! የጠየቅሽውን ነው የሚመልስልሽ» አሉ መነጽራቸውን እየጠራረጉ። «ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም እንጂ። ለእሱ ሁለቱም አንድ ናቸው። ቁርጡን እንዲነግርሽ ከፈለግሽ ኤግዛክት በሚለው ቀመር ነው የምትጠይቂው።»

ተቀመጠች። ሁለቱን ኮዶች እንደ ገና አስገብታ በኤግዛክት ጠየቀችው። «ሐሰት» አላት። ቀመሩን በመቶ አርባውም ኮድ ላይ አስኬደችው። እንዲህ የተምታታው ይኼ አንድ ጥንድ ብቻ ነበር። ከዚያ አራሚዎቹ የላኩትን የመጀመሪያውን ፋይል ከፈተች። ትንሹ mr7 ዘጠና ሦስት፤ ትልቁ፣ የፊሽካው MR7 ሰባ አንድ፣ ከአሥሩ ውጪ።

«የጠዋቶቹን በትልቅ፣ የከሰዓቶቹን በትንሽ ፊደል ነው የሰጧቸው» አሉ እትዬ ቁልፍ ከጀርባዋ ቆመው። «የሁለቱ ፈረቃ ወረቀት እንዳይቀላቀል ብለው። መምህሩ አልነገሩሽም?»

«አልነገሩኝም።»

ይቺ ቃል ለአፍታ አሳረፈቻት። አልነገሩኝም! ጥፋቱ የእሳቸው ነው ማለት ነው። ግን ዘጠና ሦስቱን ምረጪ ያላትስ ማን ነው? ያቺን ልጅ ቀርተሻል በያት ያላትስ?

«ካጠፋሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው» አሉ እትዬ ቁልፍ። «ዝርዝሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይላካል። አንዴ ከሄደ ሄደ ነው።»

ቆጣሪ ሁለቱ ኮዶች ከነውጤታቸው ያሉበትን ገጽ አትማ ወጣች። ፊሽካ ግቢው ውስጥ፣ የቧንቧው ግንብ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ነበር።

«የት ጠፋሽ አንቺ! እናቴ ሻንጣ ተዋሰችልኝ እኮ፤ ጎማ ያለው! ጎረቤቱን በሙሉ አዳርሳለች፤ ዳቦ ቤት ያለው ሰውዬ ሳይቀር ‹ዶክተር› እያለኝ ነው።»

«ስሚኝማ» አለች ቆጣሪ። ወረቀቱን ሰጠቻትና ነገሩን ከሥሩ ነገረቻት።

ፊሽካ ወረቀቱን አየችው። እግሯ መወዛወዙን አቆመ።

«ማን ያውቃል?» አለች።

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺማ ጓደኛዬ ነሽ።»

ቧንቧው በደንብ ስላልተዘጋ ጠብ ጠብ ይላል። ቆጣሪ ሳታስበው ጠብታውን መቁጠር ጀመረች።

«እኔ ምን አደረግኩ?» አለች ፊሽካ፤ ድምፅዋ ከፍ እያለ መጣ። «ስጪኝ አላልኩሽም! አንቺው ሰጠሽኝ፣ አሁን ደግሞ አንቺው ልትወስጂ! ለእናቴ ምን ልበላት? ለዚያ ሁሉ ሰው? በናትሽ፣ አንድ ነገር እንኳን ሳታስቢልኝ…»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እናትሽ ጋ አብሬሽ እመጣለሁ። እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«አትምጪ!»

ፊሽካ ፊቷን አዞረች። ሳትዞር፣ የእሷ በማይመስል ቀጭን ድምፅ፣ «የመጨረሻውን ገጽ ባዶውን ነው የሰጠሁት» አለች። «ዘጠና ሦስት ሲሉኝ እኔም ገርሞኝ ነበር። አልጠየቅኩም።»

ከዚያ ወረቀቱን ሳታይ ወደ ኋላዋ ዘረጋችላትና ሄደች።

የቀሩት ሁለት ክፍለ ጊዜዎች እንዴት እንዳለፉ ቆጣሪን ብትጠይቋት አትነግራችሁም። ጂኦግራፊ ነበር መሰለኝ። እሷ ግን በሐሳቧ መልስ ስትጽፍ ነበር። «ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው» ብላ ወረቀቱን ክፍተቱ ውስጥ ብትተውላትስ? መምህሩም፣ ፊሽካም፣ እሷም ይተርፋሉ። ያቺም ልጅ ከሰዓት መጥታ ታነባለች። ከዚያ የተዘጋ ቢሮ ታንኳኳለች፣ ዘጠኝ ሰዓትም ይሆናል። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ መምህሩ «ያንቺ ዓይን ነገር አያመልጠውም» የሚሉት ነገር ይቀራል። ይህ መቅረቱ ከሁሉ ይበልጥ አስፈራት፤ መፍራቷም አሳፈራት።

ደወሉ ተደወለ። የጠዋቶቹ እየተጋፉ ወጡ። ፊሽካ በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ዓይኗ አብጧል። ወደ ቆጣሪ አየችና ወጣች። ቆጣሪ ከቦታዋ አልተነሣችም።

የከሰዓቶቹ መግባት ጀመሩ። ወንበር ተንኳኳ፣ ቦርሳ ተወረወረ፣ አንዱ ልጅ «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አለ። ቀጥሎ አጠር ያለች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የጠቀለለች ልጅ ዴስኩ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ይቅርታ፣ ቦታዬ ላይ ነሽ» አለች።

«አውቃለሁ።» ቆጣሪ ተነሣች። «ወረቀትሽን አግኝቼዋለሁ።»

የልጅቷ ፊት በራ። «ውይ፣ ጠየቅሽልኝ? ማነው ያጠፋው?»

እዚህ ላይ «ኮምፒውተሩ» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ቆጣሪ ዋጠቻት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ዝርዝሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያንቺን ኮድ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ነው ብዬ፣ ያንቺን ውጤት ለእሷ ሰጠሁ። ‹አልቀረበችም› ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ዘጠና ሦስት ነው ያመጣሽው። ይኸው።»

ልጅቷ ገጹን ተቀበለች። ቁጥሩን አንዴ አየችው፣ ደግማ አየችው፣ ከዚያ ቀና ብላ ቆጣሪን አየቻት። ፊቷ ላይ ሣቅም ቁጣም አልነበረም።

«ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለች።

«ይቅርታ።»

«ቤት ውስጥ ‹ፈተናው ላይ ሳትገቢ የት ዋልሽ?› ተብዬ ነበር።»

ልጅቷ ዴስኩን፣ ቀጥሎም ቆጣሪን አየችና «እርሳስ የምትረሺው አንቺ ነሽ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ።»

«ሁሌ ዱልዱም ነው እርሳስሽ።»

«ቦርሳሽን አስቀምጪና ነይ» አለች ቆጣሪ። «የኮምፒውተር መምህሩ ገና አልወጡም። ለእሳቸው የነገርኩሽን ሁሉ እደግመዋለሁ። ዝርዝሩ ከመላኩ በፊት መድረስ አለብን።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አላስቀመጠችም። ደረቷ ላይ አቅፋ ያዘችው።

«አንቺ ቅደሚ» አለች። «እኔ ቢሮውን ተከፍቶ አይቼው አላውቅም።»

ቆጣሪ ወረቀቱን መልሳ ተቀበለችና ቀደመች።