ጨፌ ምንም አልጎደለውም

«ተመስገን ነው ልጆቼ! ምን ጎደለን ብላችሁ ነው?» አሉ እማማ ውባንቺ፣ የሸይማን መዳፍ በገብስ ቆሎ እየሞሉ።

ፊሊሞን «ችግር የለም» ብሎ ጻፈና ፈገግ አለ። ከጠዋት ጀምሮ የጨፌ መንደር ሰው ሁሉ የተማከረ ይመስል መልሱ አንድ ነው። አንዱ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ይላል፤ ሌላው «መንገዱም ደህና፣ እኛም ደህና» ይላል። ከዚያ ቆሎ ይመጣል፤ ቆሎው ሲያልቅ እርጎ ይከተላል። ፊሊሞን ሆዬ ሆዱም ወረቀቱም ሞልቶለት ደስታው ወደር አልነበረውም።

«ጨርሰናል በቃ! አቦ ይመቻቸው!» አለ ከግቢው ሲወጡ። «አሁን ቶሎ ከሄድን ለኳስ ጨዋታው እደርሳለሁ።»

ሸይማን ግን ሐሳብ ገብቷታል። የጂኦግራፊ መምህራቸው ቲቸር ፀጋዘአብ ክፍሉን በቡድን ከፋፍለው ከጎሮ ወዲያ ወዳሉት የገጠር መንደሮች የላኳቸው «ሰዉ ምን ዓይነት ትራንስፖርት እንደሚያስፈልገው ጠይቃችሁ ኑ» ብለው ነው። ሰኞ ከትራንስፖርት ቢሮ አንድ ሰው መጥተው ያዳምጧቸዋል። የጎሮ ታክሲ መስመር ሊረዝም ነው፤ የሚረዝመው ግን ወደ አንድ መንደር ብቻ ነው፣ ይበልጥ ወደተቸገረው። የሌላው ቡድን ልጆች፣ እነሃይደር፣ የሄዱበት መንደር ሰዉ እሮሮውን እያዘነበላቸው እንደሆነ ደውለው ነግረዋታል። ጨፌ ደግሞ ምንም አልጎደለውም!

«ፊሊ፣ የሆነ ነገር ልክ አይደለም።»

«ምኑ? ያሉንን ነው የጻፍነው። መቼ ዋሸን?»

እውነቱን ነው፤ አልዋሹም። ሸይማን የቸገራትም ይኸው ነው።

ጠዋት በሩቁ የኮረኮንች መንገድ ዞሮ ያመጣቸው የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ የሚመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ፊሊሞን እስከዚያ መጠበቅ ስላልፈለገ ወደ እማማ ውባንቺ ተመልሶ «እማማ፣ ታክሲ ከየት ነው የምንይዘው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ታክሲ? ከጎሮ ነዋ!» እማማ ሳቃቸው መጣ። አንዲት ቀይ ዶሮ ብብታቸው ሥር ሸጎጥ አድርገው ዘንቢላቸውን አነሡ። «እኔም ሾላ ገበያ ልወርድ ነው። ኑ፣ እየተጫወትን እንሄዳለን።»

እናንተዬ፣ ጉዞው ሠርግ መሰለ! ከየአጥሩ ሰው እየወጣ ተቀላቀላቸው፦ እንቁላል የያዘች፣ ጎመን የተሸከመ፣ የታመመ ሕፃን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ እናት። ሌሊት የጣለው ዝናብ መንገዱን አቡክቶታል። ሁሉም የላስቲክ ጫማ አድርገው ጭቃውን እየሳቁ ይረግጡታል። እናትየዋ ደከመኝ ከማለቷ በፊት ሰዉ ሕፃኑን ተራ በተራ እየተቀበለ ያዝልላታል። የፊሊሞን ነጭ ስኒከር ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ እግሩ ባዶውን ሲወጣማ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

«አይዞህ የኔ አራዳ! ጭቃችን ወዶህ ነው!» አሉት እማማ።

ፊሊሞንም ሳቀ፤ ምን ያድርግ! ሸይማ እንዲህ ሆዷን ይዛ የሳቀችበትን ቀን አታስታውስም። መንገዱ ግን አላልቅ አለ። እግሯ ዛለ። ተራዋ ደርሶ ሕፃኑን ስታዝለው ትኩሳቱ በልብሷ አልፎ ጀርባዋ ላይ ተሰማት። ያን ጊዜ ሳቋ ቀነሰ።

ጎሮ መግቢያ ሲደርሱ ሁሉም እንደለመዱት ከአንድ ሱቅ አጥር ሥር ቆሙ። የላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ፣ ከበርሜል ውኃ እየቀዱ እግራቸውን ታጠቡ፣ ከየዘንቢሉም ንጹሕ የከተማ ጫማ ወጣ። ጭቃ የለበሰውን አጥሩ ሥር ደረደሩት። እዚያ ቀድሞም ሌላ ረድፍ ነበር፤ ትልቁም ትንሹም፣ ማልደው ከተማ የገቡ ሰዎች ጫማ። የትምህርት ቤት ልጆችም ጫማ አለበት። ባለሱቁ በነጻ ይጠብቅላቸዋል።

ሸይማ ክው አለች። «እማማ! መንገዱ እንዲህ ከሆነ ለምን አልነገሩንም? ምንም አልጎደለንም አሉን እኮ!»

«እንዴ!» አሉ እማማ ቅር ብሏቸው። «እንግዳ ደጄ መጥቶ ‹ምን ጎደላችሁ› ሲለኝ ችግሬን ልዘርግፍበት? ነውር አይደለም? ከዚያ ሁሉ አገር መጥታችሁ፣ ቆሎ ሳላቀምስ ላስለቅሳችሁ?»

«ለካ ፋራው የእኛ ጥያቄ ነው» አለ ፊሊሞን፣ ስኒከሩን በእንጨት እየጠረገ።

ታክሲ መጣ። «በኢምፔሪያል መገናኛ! መገናኛ!» ይላል ረዳቱ። የእማማን ዶሮ አይቶ «እሷም ትከፍላለች!» ብሎ ቀለደ። እማማ ገብተው ተቀመጡ። ፊሊሞንም አንድ እግሩን አስገባ።

ሸይማ አልተነቃነቀችም።

«ነይ እንጂ! ኳሱ አለቀብኝ እኮ!»

«አንተ ሂድ። እኔ ሰዉ ሲመለስ ጠብቄ አብሬ እመለሳለሁ። አሁን ማንንም አልጠይቅም፤ የማየውን ነው የምጽፈው።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ ብናገር ይከፋዎታል?»

«አብሮ የሄደማ እንግዳ አይደለም» አሉ እማማ፣ ጉንጯን በእጃቸው ነካ አድርገው። «ያየሽውን ተናገሪ የኔ ልጅ። እኔ እንደሁ ችግሬን አልነገርኩሽ!»

ፊሊሞን ታክሲውን አየ፣ አጥሩ ሥር የተደረደረውን ጭቃ ጫማ አየ። «ኤጭ!» ብሎ ወረደ። «ችግር የለም» የሚለውንም ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሸይማ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ቲቸር፣ ሰኞ የቢሮው ሰውዬ ሲመጡ ክፍል ውስጥ ባይቀመጡስ?»

«ለምን? ምን ልታደርጓቸው ነው?»

ሸይማ አጥሩ ሥር የተሰለፈውን የላስቲክ ጫማ እያየች ፈገግ አለች።

«ከእኛ ጋር ጨፌ ይሄዳሉ። እርስዎ ጫማቸው ስንት ቁጥር እንደሆነ ብቻ ይጠይቁልን።»