የመኪናዋ ክታብ

«ክታብ ተገልጦ አይነበብም አልኩሽ። አምጪው።»

«ክታብ አይደለም አባባ፣ ደብተር ነው። ይኸው መስመር አለው እኮ።»

«ክታብስ መስመር የለውም ያለሽ ማን ነው?»

«ክታብ ላይ ዘይት የነካ ጣት አይታተምም።»

አቶ ገሜዳ ደብተሯን ከእጇ ወስደው ጢማቸውን አፍተለተሉ። ልጃቸው ወለተጻድቅ ገና ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ክርክር ላይ ግን ፀጉሯ የሸበተ ነገረ ፈጅ ትሆናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አቶ ገሜዳ ሁለት ደህና በቅሎ ሰጥተው አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ለወጡ። ባለቤቱ ለጦሩ ዕቃ የሚያመላልስ ጣሊያን ነበር። ጦርነቱ ባሕሩን ሲዘጋበት መለዋወጫው ጠፋ፣ ቤንዚኑም በጣሳ ሆነ፤ ሣር የሚበላ ነገር አማረው። የኮልፌ ሰው ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከረመ። «ገሜዳ የምትግጠዋን ሰጥቶ የምትጠጣዋን አመጣ» እያለ።

አቶ ገሜዳ ደንታም አልነበራቸውም። መሪው ሥር በሲባጎ የተንጠለጠለች፣ መዳፍ የምታህል ደብተር አግኝተዋላ። ጣሊያኑ ያለሷ ሞተር አያስነሳም ነበር። ይጻፍባታል፣ ማኅተም ይመታባታል፣ ተመልሳ ትታሰራለች። ይቺ የመኪና ክታብ ካልሆነች ምን ልትሆን ነው? ስለዚህ እንደ ወጉ ቆዳ ሊያስለብሷት ነው፤ ያውም ዛሬውኑ። ነገ ኅዳር ጽዮን ነው፤ አርባ ጎረቤት ጭነው አዲስ ዓለም ማርያም ሊያነግሡ ቃል ገብተዋል።

«የሰይጣን ስም ቢኖርበትስ?» አለች ወለተጻድቅ ቀስ ብላ። «እማዬ የስለት ጃንጥላዋን ይዛ የምትሄድበት መኪና ነው።»

ይቺ ነገር ገባች። አቶ ገሜዳ ደብተሯን በሁለት ጣታቸው ይዘው መልሰው ሰጧት። «ቆዳውን መርጬ እስክመጣ እይው። ድምፅሽን አውጥተሽ እንዳታነቢ ብቻ።»

ወለተጻድቅ ጣሊያንኛ የለቀመችው ሲስተሮቹ፣ የጣሊያን ሴት መነኮሳቱ ቤት ነው፤ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ እነሱ ፊደል ያስቆጥሯታል። ሰዋስዉ ብዙም አይገባትም። ስድቡ ግን ጥርት ብሎ ይገባታል።

ጋቢናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። የኅዳር ፀሐይ አቧራ የጠጣው መስታወት ላይ ጋደም ብላለች። የባሕር ዛፉ ጥላ ጭኗ ላይ ወዲህ ወዲያ ይዋኛል። ወንበሩ ትምባሆና የሩቅ አገር ይሸታል።

የመጀመሪያው ገጽ ምጽዋ ይላል። «የበር ማጠፊያ፤ ጨው ስለበላው ተለወጠ።» ወለተጻድቅ ባሕር አይታ አታውቅም። ዓይኗን ስትጨፍን ግን መኪናዋ ውሃ ዳር ቆማ እንደ ላም ጨው ስትልስ ታየቻት። ገለጠች። «ደሴ። የፊት መብራት፤ ጅብ ተገጭቶ።» ምስኪን ጅብ፤ ጨረቃ መንታ ወልዳ ወደሱ የምትመጣ መስሎት ቆሞ ይሆናል። ገለጠች። ዝናብ፣ ጭቃ፣ የተሰበረ ድልድይ፣ ስሙን ሰምታው የማታውቀው ወንዝ። መኪናዋ ቆማ ሳለች የምትሄድ መሰላት። ኮልፌ ከነአጥሩ፣ ከነውሾቹ፣ ቀስ እያለ ወደኋላ ቀረ።

መኪናዋ አዲስ አበባ ስትደርስ አንድ ስም ብቅ አለ። ጉታ።

ወለተጻድቅ ቀና ብላ ተቀመጠች። ጉታ የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ አስኮ መንገድ ላይ ጣሊያን ጋራዥ ይሠራል። ባንዳ ብለው ከቆረጡት አራት ዓመቱ ነው። አያቷ ሲቀበሩ እንኳ አፈር እንዳይመልስ አባቷ ከበር መልሰውታል።

«ፍሬን፤ ጉታ ጠገነ።» ከሥሩ፣ ከአራት ቀን በኋላ፣ በሌላ ሰው እጅ፦ «ገፈርሳ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለ። ጭነት፣ ጥይት። መኪናው ውሃ ውስጥ ገባ።»

«ራዲያተር፤ ጉታ ጠገነ።» ከሥሩ፦ «ሆለታ ሳይደርስ ቆመ። ጭነት፣ ወታደር።»

«መሪ፤ ጉታ ጠገነ።» ከሥሩ፣ መንገድ የሳተ ሌላ የጥይት ጭነት።

ማሪዮ የሚባል አንድ ሰው የጠገነው ስድስት ወር ይቆያል። የጉታ ሳምንት አይሞላም። ሾፌሩ ሁሉ የራሱን መስመር ጽፎ፣ ማኅተሙን አስመትቶ ሄዷል፤ ወደኋላ ገልጦ ያነበበ የለም። ሥራ ፈትታ ከመጀመሪያው ያነበበችው እሷ ናት።

ባንዳ ይሉታል፣ አለች በልቧ። እኛን ብሎ ባንዳ አዋቂ።

ፈገግታዋ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረቀ። መኪናዋ ከመለወጧ ሦስት ቀን በፊት የተጻፈ ነው። «ፍሬን፤ ጉታ ጠገነ።» ከሥሩ ባዶ። አባቷ እስከ ዛሬ ባዶዋን መኪና ሜዳ ለሜዳ ነው የነዱት። ነገ አርባ ሰው ተጭኖ ገፈርሳን ትወርዳለች።

ለአባቷ ብትነግርስ? አቶ ገሜዳ ምስጢር ሲነገራቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሦስት ሰው ማካፈል ነው። እሑድ ካራቢኔር፣ የጣሊያን ፖሊስ፣ ይሰማል፤ ሰኞ ጉታ ይሰቀላል። ዝም ብትልስ? እናቷ፣ ጃንጥላው፣ ያ ሁሉ ሰው። ጥላው ጭኗ ላይ ይዋኝ ነበር፤ አሁን ግን ከበዳት።

የመኪናዋን ደብተር ጉያዋ ከተተች። የሲስተሮቹን ልብስ የምትመዘግብበትን ደብተር ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ ሲባጎው ላይ አሰረች፤ ያቺም መዳፍ ነው የምታህለው።

አቶ ገሜዳ ቀይ ቆዳ ይዘው መጡ። «ምን ይላል?»

«የሰይጣን ስም የለበትም።»

«እኔስ ምን አልኩሽ» አሉና የመነኮሳቱን ካልሲና አንሶላ ዝርዝር ተሳልመው ወደ ቆዳ ሰፊው ሄዱ።

እሷ ደግሞ ወደ አስኮ ሮጠች። ጉታ ጋራዡ ጓሮ፣ ብረት የሚግልበት እሳት አጠገብ ብቻውን ቁጭ ብሎ ዳቦ ይገምጣል። ሲያያት ማኘኩን አቆመ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ጋሼ።» ደብተሯን አወጣች። «ይቺን ያውቋታል?»

«ነጮቹ ይጫጭሩባታል። ምን አገባኝ?»

«ስምዎትን ነው የሚጫጭሩት። ጠገነ ይላል። ከሥሩ ደግሞ የት እንደተበላሸና ምን እንደጫነ። በየገጹ።»

ጉታ ማንበብ አይችልም። በዘይት የጠቆረ ጣቱን መስመሩ ላይ አስኬደ፤ ስሙ ይሞቅ ይመስል ቶሎ አነሳው። «ማን አየው?»

«እኔ።»

«ወንድሜስ?»

«አላዩም። ልንገራቸው? ቢያውቁ እኮ...»

«ተዪው። ባንዳ ብሎ ይስደበኝ። በሕይወት ያቆየኝ የሱ ስድብ ነው።»

ገጾቹን አንድ በአንድ እሳቱ ላይ ጣለ። ምጽዋ ነደደች፤ ባሕሩም ነደደ። ጅቡ ከሁለቱ ጨረቃዎቹ ጋር አመድ ሆኖ ከጓሮው ባሕር ዛፍ በላይ ተንሳፈፈ። ወለተጻድቅ እስኪጠፋ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

«እንግዲህ አሁን ይምጡና ፍሬኑን ይጠግኑልን» አለችው። «አባባ ቤት የሉም። ነገ ገፈርሳን የምንወርደው አርባ ሰው ሆነን ነው።»

ጉታ ዳቦውን ጨርሶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እኔ በዕድሜዬ አንድ መኪና ጠግኜ አላውቅም። ነገ እንዳትነሳ ማድረግ ከሆነ ግን፣ እንሂድ።»