ጠበል የሚባለው ፍላሽ

ማመን የማይፈልግ አሁኑኑ ይለፈው። እኔ ለማንም አልምልም።

ግን ሆኗል። ኢምፔሪያል አካባቢ፣ እኔ ፎቶ ኮፒ በምሠራበት ሕንፃ ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሌሊት አይደለም! ውጪ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የታክሲ ረዳቶቹ "መገናኛ! መገናኛ!" እያሉ ጆሮ ያደነቁራሉ...

ቃልአብ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። ኮምፒውተር ይጠግናል። እጁ ወርቅ ነው፤ ችኮላው ግን አይጣል ነው። ታሪኩን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። መጨረሻውን ግን እኔም በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

የዚያን ቀን እትዬ ሙሉነሽ ላፕቶፕ በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት። ጥቁር ከለበሱ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሳምራዊት። ታማ ሞተችባቸው።

"ልጄ፣ ድምፅ የለውም" አሉት። "ቪዲዮው ላይ አለች። አፏ ይንቀሳቀሳል... አይሰማም።"

ልጅቷ ከመሞቷ በፊት ራሷን ቀርጻ ነበር። ለእናቷ ብላ። እሳቸው ሳያዩት አንድ ጣልቃ ገብ ዘመድ "አፕዴት ላድርግልዎ" ብሎ ነካካውና ድምፁን አጠፋው። እናት የልጇን የመጨረሻ ቃል አንዴም አልሰማችም።

"ቅዳሜ ሙት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ያለችውን ልስማ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ቃልአብ ከፍቶ አየ። ልጅቷ ሻሽ አስራ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ካሜራውን ትኩር ብላ እያየች ታወራለች... ድምፅ የለም።

"ቀላል ነው እትዬ። የድምፁ ድራይቨር ነው የተበላሸው። ኮምፒውተሩን ከስፒከሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው፤ አስተርጓሚ ይበሉት። አመሻሽ ላይ ይምጡና ይሰሟታል።"

እውነቱን ነው፣ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ቪዲዮውን ሌላ ቦታ መገልበጥ። ከዚያ የላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ገብቶ የድምፁን ድራይቨር ብቻ አውርዶ መጫን። አለቀ! ይህን እኔ የማውቀው ከራሱ አፍ ነው። ደንበኛ ሲመክርማ የንስሐ አባት ነው የሚመስለው።

ግን ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፤ ሌላው ደንበኛ ይነዘንዛል።

ስለዚህ ጠበልን አወጣ።

ጠበል ፍላሽ ነው። በሕንፃችን ያሉ ጠጋኞች ሁሉ ይዋዋሱታል። የዓለም ድራይቨር በሙሉ አለበት ይላሉ። ያልፈወሰው ማሽን የለም ብለው ነው ስሙን ያወጡለት። ከየት መጣ? ማን ሞላው? የሚያውቅ የለም። ይሄ ከዚያ ተቀበልኩ ይላል፣ ያኛው ደግሞ ከሌላ... ሰው ምንጩን ያላወቀውን ውሃ አይጠጣም፤ ምንጩን ያላወቀውን ፍላሽ ግን ይሰካል!

ሰካው።

ፕሮግራሙ ተነሳና ማሽኑን ፈትሾ የሚታደሱትን ዘረዘረ። ድምፅ... ስክሪን... ዲስክ... ካሜራ...

ካሜራ።

ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ላፕቶፑ ያለው ግን አንድ ካሜራ ነው።

"የማይረባ ፍላሽ" አለና ሳቀ። የድምፁን ብቻ መምረጥ ይችል ነበር። "ሁሉንም አድስ" የሚለውን ተጫነ።

ወዲያው ከካሜራው አጠገብ ያለችው ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች።

ካሜራውን አልከፈተም። ማንም አልከፈተም።

ጠበቀ... አልጠፋችም።

ደስ አላለውም። ከመሳቢያው ፕላስተር አውጥቶ ቆረጠና ካሜራው ላይ ለጠፈበት።

ያኔ ስፒከሩ ውስጥ ሰው ተነፈሰ።

ቪዲዮው ተዘግቷል። ምንም የተከፈተ ነገር የለም። ረጅም፣ የደከመ ትንፋሽ... የታመመ ሰው ትንፋሽ።

"አስመረት!" ብሎ በግድግዳው በኩል ጠራኝ። "ያንቺ ሬዲዮ ነው?"

"የምን ሬዲዮ? ሬዲዮ አለኝ እንዴ?"

ወደ ስክሪኑ ዞረ። ፕሮግራሙ ዲስኩ ላይ ደርሶ የውስጥ ፕሮግራሙን እያደሰ ነው። ስክሪኑ "እባክዎ እንዳያጠፉ" ይላል።

መብራት ሄደ።

የኔ ማሽን ወረቀቱን እንደነከሰ ቆመ። የቃልአብም ስክሪን ጠቆረ። የላፕቶፑ ባትሪ አብጦ ስለነበር ገና ሲረከብ አውጥቶ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። በገመድ ብቻ ነበር የሚሠራው።

በፕላስተሩ ዳር ግን... አረንጓዴው ብርሃን ይታያል።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የሴት ድምፅ...

"እማዬ..."

ቃልአብ ወንበሩን ገልብጦ እኔ ጋ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ውሃ ሰጠሁት። ስለ መብራቷም፣ ስለ ፕላስተሩም፣ ስለ ድምፁም ያኔ ነው የነገረኝ።

መብራት ሲመጣ ቪዲዮው ያለበት ዲስክ ሞቷል። እየታደሰ ሳለ ስለተቋረጠ ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ፈትቶ አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ሰካው፤ ያው ነው። ቪዲዮውን አስቀድሞ አልገለበጠውም። የትም የለም።

እትዬ ሙሉነሽ አመሻሽ ላይ መጡ። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። ልጃቸውን ሊሰሙ እኮ ነው!

"መጣ ድምፁ?"

ቃልአብ ፕላስተሩን ልጦ ኪሱ ከቶታል።

"እትዬ... መብራት ሄዶብኝ..."

"እሺ?"

"ቪዲዮው... ጠፋ።"

አልጮኹም። ምነው በጮኹ! ነጠላቸውን ዘረጉና ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ጠቀለሉት።

"እኔ እኮ የለመንኩህ ድምፅ ብቻ ነበር" አሉ።

ሄዱ። "የአንድ ሰዓት ሥራ ታክቶህ ልጃቸውን ሁለተኛ ገደልክባቸው!" አልኩት።

ቅዳሜ ገርጂ ሄድን። እኔ ነኝ ጎትቼ የወሰድኩት፤ ይቅርታ ይጠይቅ ብዬ። ለሙት ዓመቱ የተጠራው ሰው በልቶ እየተበተነ ነበር። ላፕቶፑ ከሳምራዊት ፎቶ አጠገብ ተከፍቶ ተቀምጧል። ገመድ የለውም። ባትሪው እስካሁን የቃልአብ መደርደሪያ ላይ ነው።

እትዬ ሙሉነሽ ቃልአብን ሲያዩ ፊታቸው በራ። እጁን ያዙት።

"እግዜር ይስጥህ ልጄ። ተሠርቷል እኮ!"

ቃልአብ ዞሮ አየኝ።

"ታወራኛለች" አሉ በሹክሹክታ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። "ሁሉንም ነገረችኝ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም..."

"ምን... እትዬ?"

"'ዓይኔን ማነው የለጠፈብኝ?' ትለኛለች።"

ስለ ፕላስተሩ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። በልጄ እምላለሁ አልነገርኳቸውም። አልምልም ብዬ ነበር፤ ይኸው ማልኩ።

ቃልአብ ወደ በሩ አፈገፈገ። እትዬ ሙሉነሽ አላስተዋሉትም። ላፕቶፑን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው አነሱና ወደሱ አዞሩት።

"ይኸው ልጄ" አሉ፣ ለጥቁሩ ስክሪን። "ድምፅሽን የመለሰው እሱ ነው። እይው።"

አረንጓዴዋ መብራት በራች።