ከንቅሳቱ ሥር

«አልፈልግም፤ ውሰጂው» አለች ሥራነሽ፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው መለሰች።

ጥሩብርሃን የሽምብራ ቆሎውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ለጾሙ ብላ ራሷ ነበረች የቆላችው። እናቷ ሥራነሽ ሰሞኑን አፏን በነጠላ ሸፍና ነው የምታናግራት። የትናንቱ ነገር መሆን አለበት ብላ አሰበች። ትናንት ውኃ ቅጂ ስትባል «ፈተና አለብኝ» ብላ አፏን ሞልታ መልሳ ነበር።

«እማዬ፣ ስለ ውኃው ከሆነ ይቅር በይኝ። ዛሬ እኮ በማለዳ ቀድቻለሁ።»

«የምን ውኃ?»

«ተቀይመሽኝ አይደል እንዴ ፊት የነሳሽኝ?»

ሥራነሽ ዞር አለች። ሳቋ ሊመጣ ሲል ነጠላውን ይበልጥ ወደ አፏ ሳበችው። «ማን ተቀየመሽ ጥሩዬ። ማኘክ አቅቶኝ ነው።»

እጇን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደቻትና ነጠላውን አወረደች። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ከወትሮው ረዝመዋል። ድሮ ገጥመው በነበሩት በሁለቱ መካከል ክፍተት ተፈጥሯል። ሥራነሽ አንዱን በምላሷ ገፋ ስታደርገው፣ መሬቱ እንደላላበት ችካል ተነቃነቀ። ትንፋሿም ተለውጧል። ድዷ ግን ያው ነው፤ ለራሷ ሠርግ እንደተነቀሰችው ጥቁር ሰማያዊ።

ጥሩብርሃንን ያሳሰባት ያ ጥቁረት ነበር። ጥቅምት ላይ የሳይንስ አስተማሪያቸው ስለ ድድ አስተምሯቸው ነበር። ጤነኛው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ የታመመው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲፋቅ ይደማል። የዚያን ዕለት ማታ ቤተሰቡን ሁሉ አፍ አስከፈተች። የራሷ ድድ ጥርሱን በሚነካበት ጠርዝ ላይ እንደ ቀይ ክር ያለ መስመር አገኘች፤ ስትፍቀውም ደማ። የእናቷን ስታይ ግን፣ «ያንቺ ምንም የለበትም፤ ቅላት የሚባል አላየሁም» ብላ ፈረደች። ሥራነሽ «መፋቂያዬን እኮ ደም ይነካዋል» ብትላት፣ «ጠንከር አድርገሽው ይሆናል» ብላ አለፈችው። ጥቁር ነገር ቢቀላም እንደማይታይ ያን ጊዜ አልመጣላትም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ቀርታ እናቷን ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደቻት። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር አቶ ፈንታ ሥራነሽን ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ካለው ወንበር ላይ አስቀመጣትና አፏን አየ።

«ንቅሳትዎ ያምራል እመቤቴ፤ እኔን ግን አስቸገረኝ» አለ። «ቀለሙን ልይ ብል ጥላሸቱ ሸፈነብኝ።»

ድዷን በጣቱ ጫን ሲያደርገው ከጥርሱ ሥር ቢጫ መግል ብቅ አለ። ቀጥሎ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ። ቀልዱን እዚያው ላይ ተወው።

«ተማሪ ነሽ፣ ስለዚህ ልንገርሽ» አለ ወደ ጥሩብርሃን ዞሮ። «አንዱ ዓይነት የድድ በሽታ ድዱ ላይ ብቻ የሚቀር ነው። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል፤ በደንብ ካጸዱት ይድናል። ችላ ሲሉት ደግሞ አንዳንዱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ድዱ ጥርሱን ይለቃል፣ መግል ይይዛል፣ ጥርሱን ያቆመውን አጥንት ይበላዋል። አንዴ የተበላ አጥንት አይመለስም።»

«የእናቴስ የትኛው ነው?»

አቶ ፈንታ እጁን መታጠብ ጀመረ። «ጥርስ ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው። እኔ ያለኝ ጥርስ መንቀያ ጉጠት ነው። ጨው በለብ ያለ ውኃ ይጉመጥመጡ፤ ለጊዜው ያሳርፍዎታል።»

«ንቅሳቱ ቢደገምልኝስ?» አለች ሥራነሽ። «ድዱን ያጠብቀዋል ይላሉ።»

«አያጠብቀውም እመቤቴ። ቁስል ላይ መውጋት ነው የሚሆነው።»

በመንገድ ላይ ጥሩብርሃን ስለ አዲስ አበባ አነሳች። አውቶቡሱ በደጀን አድርጎ አባይን ወርዶ ይወጣል፣ አክስቷም እዚያ አለች።

«የሽታዬን ድግስ ማን ሊጠነስሰው?» አለች ሥራነሽ። ሽታዬ ትልቋ ልጇ ናት፤ ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። «እኔ የምፈልገው አማቾቼ ፊት በሙሉ ጥርሴ መቆም ነው። ከዚያ ወዲያ እንደፈለገው ይሁን። ቅዳሜ ወይዘሮ የብርጓል ሽታዬን ልትነቅስ ትመጣ የለ? ለእኔም ትደግምልኛለች። አንቺም ትነቀሻለሽ፤ መድማቱ ይቆምልሻል።»

ቅዳሜ ወይዘሮ የብርጓል አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎቿንና በጣሳ የያዘችውን ጥላሸት ይዛ መጣች። የሰፈሩን ሙሽሮች ሁሉ የነቀሰችው እሷ ናት። መጀመሪያ ሽታዬ ተኛች። እንባዋ እየወረደም ጨርሳ ስትነሳ፣ ባበጠ ከንፈሯ ወደ እህቷ ዞራ፣ «እስኪ ተማሪዋን እናያታለን» አለች።

ቀጥሎ ሥራነሽ ጭንቅላቷን ጥሩብርሃን ጭን ላይ አሳረፈች።

«እማዬ፣ አቶ ፈንታ ያለውን ሰምተሻል እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ያለኝ ጉጠት ነው አለ።»

«አዎ፣ ግን...»

«ግን ምን? ሌላ ካለሽ ንገሪኝ።»

ጥሩብርሃን ሌላ ነገር ፈለገች። ከጨው ውኃ በቀር ምንም አልነበራት።

«ጥቅምት ላይም ደህና ነሽ ብዬሽ ነበር» አለች ዝግ ብላ።

«ያየሽውን ነው የነገርሽኝ። አሁን ጭንቅላቴን ደግፊልኝ።»

ደገፈቻት። ወይዘሮ የብርጓል ጥላሸቱን ቀብታ መውጋት ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች እጇ ቆም አለ። መርፌው ያለወትሮው በቀላሉ እየገባላት ነበር። «ለስልሷል» አለች ለራሷ ያህል፤ ከዚያ ቀጠለች። ጥላሸት፣ ደምና መግል ተቀላቅሎ በሥራነሽ አገጭ ላይ ወረደ። ጥሩብርሃን በጨርቅ ጠረገችው፤ እንደገና ወረደ፤ እንደገና ጠረገችው። የእናቷ ጣቶች ቁርጭምጭሚቷን ጨብጠው ይዘዋል። የምትችለው ነገር መጥረግ ብቻ ነበር።

ሲያልቅ ወይዘሮ የብርጓል መርፌዎቹን ጠራርጋ፣ «ነይ ደግሞ አንቺ፤ እጄ ሳይቀዘቅዝ» አለቻት።

«የእኔ ይቅር።»

«አላልኳችሁም? ፈራች» አለች ሽታዬ።

«አልፈራሁም። ድዴ ሲቀላ ማየት እፈልጋለሁ።»

ሽታዬና ወይዘሮ የብርጓል ተያዩ። «ምን ዓይነት ፍላጎት ነው እቴ?» አለች የብርጓል። ሥራነሽ አፏ በጨርቅ ስለታፈነ መናገር አልቻለችም። ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል እጇን ከፍ አድርጋ፣ ተያት ስትል ለነቃሿ ምልክት ሰጠቻት።

የሥራነሽ ሁለት የፊት ጥርሶች ከፋሲካ በፊት ወለቁ። በሽታዬ ሠርግ ቀን አማቾቿን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተቀበለቻቸው። ጥሩብርሃን በየማለዳው የጨው ውኃ በሁለት ኩባያ ታሞቃለች፤ አንዱን ለእናቷ ትሰጣለች። በሌላው እሷ ትጉመጠመጥና ትንሿን መስታወት ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ትወጣለች።