የደረቀው ሳንባ

ኢንስፔክተር ሔርሜላ የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትደርስ የሁለት ዓመቱ ክብሩ ፊቱ በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። አባቱ ዳልጮ የነርሷን የአይዳን እጅጌ ጨምድዶ ይዟል።

«ይቺ ናት! ኦክስጅኑን ስትነቅል በዓይኔ አይቻለሁ። ይዘዋት ይሂዱ!»

«ቱቦውን ልቀይር ነው እኮ!» አለች አይዳ እያለቀሰች። «ወጥቼ አዲስ ቱቦ ካመጣሁ በኋላ ነው የነቀልኩት፤ ወዲያው መለስኩት።»

እናቱ ሻሺቱ ገና አጥባ ያመጣችውን የልጇን እርጥብ ልብስ ታቅፋ ቆማለች። አታለቅስም።

ሔርሜላ ወደ ሐኪሙ ወደ ዶክተር ዕዝራ ዞረች። «በምን ሞተ?»

«ግራ ገብቶኛል። ሳንባውን በአልትራሳውንድ ስከታተል ነበር፤ ይኸው።» ሁለት ምስሎች አሳያት። «ጠዋት ሳንባው ውስጥ የነበረው ውኃ ደርቆ ንጹሕ ነበር። ከሰዓት መተንፈስ ሲያቅተው ግን የቀኙ ታችኛው ክፍል ጥቅጥቅ ብሎ ጉበት መስሏል።»

«ኦክስጅን ሲቋረጥ እንዲህ ይሆናል?»

«አይሆንም። በአፉ የተሰጠው ነገር ወደ ሳንባው ሲገባ ነው እንዲህ የሚሆነው። ምግብ ግን ከልክለን ነበር።»

«ሌላ የገረመዎት ነገርስ?»

«ከሰዓት ለአልትራሳውንዱ የሚቀባው ጄል ደረቱ ላይ አልይዝ አለኝ። እያንሸራተተ አስቸገረኝ።»

ሔርሜላ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አሸተተች። መልሳ ሸፈነችው።

«ጠዋት ሳንባው "ደርቋል" ብለው የነገሩት ለማን ነው?»

«ለአባቱ፤ አይዳም አብራን ነበረች። ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሁሉንም ወደ አልጋው ጠራቻቸው።

«ኦክስጅኑ አልገደለውም። ደረቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ቅቤ የቀባው ሳንባው መድረቁን ሰምቶ የፈራ ሰው ነው። ለአይዳ መድረቅ ማለት መዳን ነው፤ አትፈራም። ሻሺቱ ልብስ ልታጥብ ወጥታ ስለነበር አልሰማችም። አቶ ዳልጮ፣ አይዳ ቱቦ ልታመጣ ስትወጣ ምን ሰጡት?»

የዳልጮ እጅ ከአይዳ እጅጌ ላይ ወደቀ። ከጋቢው ስር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አወጣ።

«ሳንባው ደረቀ አሉኝ። እኛ አገር ገረሴ የደረቀ ጉሮሮ የምናለሰልሰው በቅቤ ነው። ደረቱን ቀባሁት፣ ትንሽ አላስኩት። ምግብ አይደለም እኮ፣ ቅቤ ነው! እሷ የገደለችው መስሎኝ...»

አይዳ የተጨማደደ እጅጌዋን አቃናች። የሔርሜላ ካቴና ከወገቧ አልወረደም።

ሻሺቱ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ የጠዋቱን ምስል በጣቷ ነካች።

«ጠዋት ድኖ ነበር?»

«እየዳነ ነበር» አለ ዕዝራ አንገቱን ደፍቶ።

ሻሺቱ የልጇን እርጥብ ልብስ አራግፋ፣ እንዲደርቅ አልጋው ብረት ላይ አሰጣችው።